ካንተ ናፍቆትና ከአንድ ኩላሊት በቀር

እንደምን ከርመሃል? እኔ ካንተ ናፍቆትና ከአንድ ኩላሊት በቀር ደህና ነኝ። ሳቅ እንጂ! ያ የክፍል ውስጥ ደብዳቤ አጻጻፍ ዛሬ ገና ጠቀመኝ። ሁለት ዓመት ጠፋሁብህ፤ ምክንያቱ ብርህ እንደሆነ ታውቃለህ። ይቅርታ። በቃ፣ ወደ ሌላው ልለፍ።

ህንድ ነኝ፣ ቼናይ። ለወንድሜ ኩላሊቴን ከሰጠሁ 22 ቀኔ። ቁስሉስ ደርቋል፤ ግን ውለታ ቆጣሪ ሆኜልሃለሁ። ትናንት «ሩዙ ጨው በዛው» ብሎ ሳህኑን ሲገፋ፣ «ኩላሊቴን ይዘህ!» ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እስካሁን «አመሰግናለሁ» አላለኝም። እኔ ደግሞ አፍ አፉን አያለሁ። ያሳፍራል፣ አይደል?

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ሳይነጋ ደጁን አጥበው፣ የሩዝ ዱቄት በጣታቸው እየቆነጠሩ መጀመሪያ ነጠብጣብ ይደረድራሉ፤ ከዚያ በነጠብጣቡ መሃል የሚጠማዘዝ መስመር። ኮላም ይሉታል። ግማሹን ጉንዳን ይበላዋል፣ ግማሹን እኛ በጫማችን እናጠፋዋለን። በማግስቱ እንደ አዲስ! «አያናድድዎትም?» ብላቸው፣ ስቀው ስለ ካርማ ዮጋ፣ ፍሬውን ሳይጠብቁ ስለ መሥራት፣ ነገሩኝ።

ነገሩ ጊታ ከሚሉት የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ ነው። ጦረኛው አርጁና ዘመዶቹ ሊዋጉት ተሰልፈው ሲያይ ቀስቱን ጥሎ ሠረገላው ላይ ቁጭ አለ። አምላኩ ክሪሽና ግን ተነሥ አለው። ጊታ 700 ቁጥር አለው፣ እኔን የያዘኝ የ2ኛው ምዕራፍ ቁጥር 47 ነው፦ በሥራህ ላይ መብት አለህ፣ በፍሬው ላይ ግን የለህም። አንተ በተበሳጨህ ቁጥር ገዳም እገባለሁ ባይ፣ ላንተም አለልህ፦ 3ኛው ምዕራፍ ሥራ በመተው ብቻ ነፃ አይወጣም ይላል።

«ታዲያ ወንድሜ መድኃኒቱን ቢዘነጋም አያገባኝም?» አልኳቸው። ጋንዲን ጠቀሱልኝ። ጊታን ወደ ጉጃራቲ ሲመልስ፣ ፍሬን መተው ማለት ለውጤቱ ግድ ማጣት አይደለም ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋው በየ12 ሰዓቱ የሚውጠውን ክኒን፣ ጠዋትም ማታም ሦስት ሰዓት ላይ ውሃ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አስውጠዋለሁ። ምስጋናውን ግን... እንጃ። ዛሬም ጠብቄያለሁ።

አንተስ ያንን ብር ስንቴ አነሳህብኝ? አንድም ቀን። ተወው፣ ስመጣ እናወራለን።

ይልቅ ላስቸግርህ። እማዬ የሰጠሁት እኔ መሆኔን አልሰማችም። ቅዳሜ ብቅ በልላት፤ በረካውን ሳትጠጣ እንዳትነሳ፣ ትቀየማለች። ኩላሊቱ ከየት ተገኘ ካለችህ፣ አፍህን በቆሎ ሙላውና ዝም በል።