ጥቅምት ሳይበርድ ሲያልፍ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ዘንድሮ በጎንደር የጥቅምት ሌሊት እንደ ወትሮው ሳይበርድ፣ ዝናቡም ጨርሶ ሳይወጣ ኅዳር ገባ። «ወፎቹ ወቅቱን ሳቱ» ሲባል እንሰማለን። ግማሹ እውነት ነው።

ከአውሮፓ የሚመጡት አልሳቱም። ከዚያ የሚያስነሳቸው በዋናነት የቀኑ ማጠር እንጂ የእኛ ብርድ አይደለም። ስለዚህ ጣና ዳር የሚከርሙት ግራጫ ባለረጅም እግር ወፎች በጊዜያቸው ይደርሳሉ፤ አጨዳው ከዘገየ ግን የሚያርፉት ያልተሰበሰበ እህል ላይ ነው።

የተለወጠው የአገሬው ወፍ ነው። ሣሩ ቶሎ ካልደረቀ ዘርና ነፍሳት አይጠፉም፤ ዘር በል ወፎችም እንደገና እንቁላል ይጥላሉ። አንዳንዶች የመስቀል ወፍ የሚሉት ጥቁርና ነጭ ወንድ ወፍ ረጅም ጅራቱን የሚያራግፈው የመራቢያው ወቅት ሲያበቃ ነው። አሁንም ጅራቱን እያንጠለጠለ ከበረረ ገና አልጨረሰም። (ሴቷማ እንቁላሏን በሰው ቤት፣ ማለትም በሌላ ወፍ ጎጆ ጥላ ትሄዳለች፤ ብልጥ ናት።)

ጉዳቱ አጨዳ ላይ ይመጣል። በጤፍ ማሳ ዳር ሣር ውስጥ የተሠራ ጎጆ ከነጫጩቱ በማጭድ ይሄዳል። እህሉ ይታጨድ፤ የዳሩ ሣር ግን ጎጆ ከታየበት ለአምስት ሳምንት ያህል ይቆይ። ለትንንሾቹ ወፎች ከእንቁላል እስከ በረራ ይበቃል። የግቢ አጥርም ከመከርከሙ በፊት ውስጡ ይታይ።

ለወፎች ውኃ ለሚያስቀምጡ፦ ሳህኑ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይጠልቅ፣ መሃሉ ላይ ሻካራ ድንጋይ ይኑር። ሌሊቱ ስለማይበርድ የትንኝ እጭ ቶሎ ያድጋልና ውኃው በየቀኑ ይደፋ። ዳቦ አይነከርበት፤ ይሻግታል።

ከጎንደር