ስለ ዩኒፎርም ሱሪው፣ ለደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን ሰላም ናችሁ? ባለፈው አንድ እናት የልጃቸውን ሱሪ ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፣ ገና ሁለት ወሩ ነው ጉልበቱ አብረቅርቋል መቀመጫው ተተርትሯል፣ "የታላቅየውን እኮ ከናንተው ነው የገዛሁት፣ ሁለት ዓመት ለብሶት ለዚህኛው ተርፎታል" አሉን። ልክ ናቸው፣ ስለዚህ እንደወረደ እንንገራችሁ።

ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ፣ የኛ ጨርቅ ደሞ ከውጭ ነው የሚገባው፣ ዚፑም ክሩም። ወላጅ ግን ገና ሲገባ "አምና ስንት ነበር?" ነው የሚለው። ከጨመርን ጎረቤት ሱቅ ይሄዳሉ ብለን ፈራንና ዋጋውን ትተን ከሱሪው ላይ መቀነስ ጀመርን።

ጨርቁ ስሙም ቀለሙም ያው ነው፣ ግን ፖሊስተሩ በዝቷል ስስም ነው፣ መስኮት ላይ ይዛችሁ ከኋላው እጃችሁን ብታደርጉ ጣታችሁ ይታያል። ስፌቱ ደሞ ይብሳል። ድሮ መቀመጫው ላይ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ እንተው ነበር፣ ልጁ ሲያድግ ይለቀቅለታል፣ አሁን ጠርዙን በኦቨርሎክ ማሽን ከርክመን እንዘጋዋለን፣ ልጁ ቁጢጥ ሲል ስፌቱ የሚይዘው ነገር የለውም። ስፌቱንም ረዘም ረዘም አድርገነዋል፣ ቶሎ ያልቃል ክርም ይቆጥባል፣ አንዷ ስትበጠስ ግን ጣት የሚያሾልክ ቀዳዳ ነው። ቁልፉንማ ተዉት፣ ማሽኑ በአንድ ክር ብቻ ነው የሚሰፋው፣ ጫፉ ካልተቋጠረ ሳብ ስታደርጉት ተተርትሮ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

እኛ ብቻ አይደለንም፣ መርካቶ ዞር ዞር ብላችሁ ስፌት ገልብጣችሁ እዩ። ሰው "ሰልባጅ ይሻላል" የሚለውም ወዶ አይደለም (ግን ሰልባጅም እኮ ታጥቦ ታጥቦ የተረፈው ነው እኛ ጋ የሚደርሰው፣ ደካማው እዛው ውጭ አገር አልቋል)።

ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሁለት ጣቱን እንመልሳለን፣ ስፌቱን እናጠብቃለን፣ ቁልፉን በእጅ እንቋጥራለን፣ ወፈር ያለውንም ጨርቅ እናመጣለን። ዋጋው ይጨምራል፣ ሱቁ በር ላይ ለጥፈነዋል። አምና ከኛ የገዛችሁት ስፌቱ ከለቀቀ አምጡት፣ በነፃ ደርበን እንሰፋዋለን። የሚያብረቀርቀውን ጉልበት ግን ምንም ልናደርገው አንችልም።