የፐርሰፎኒ ጩኸት ከአዲሶቹ የሥዕል ልቦለዶች ለምን ጠፋ?

ክቡር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድሜ፣ በጎንደር ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ጽሑፍ የማስተምር መምህርት መሆኔን እገልጻለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የጥንት ግሪኮችን አፈ ታሪክ እንደ ዘመናዊ የፍቅር ታሪክ እየተረኩ በሥዕል የሚያቀርቡ ልቦለዶች በተማሪዎቻችን ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆነው ሳለ፣ በባህልና በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ላይ አንድም ቀን ሲነሡ አለማየቴ ነው። ልጆቹ የሚያነቧቸው በእጅ ስልካቸው ነው፤ አብዛኞቹም ከቴሌግራም ቻናል እያወረዱ ይቀባበሏቸዋል። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ የሙታን ዓለም ንጉሥ የሆነውን፣ በጥንቱ ታሪክ ፐርሰፎኒ የተባለችውን ልጅ የጠለፈውን ሐዴስን ካራቫት አስሮ፣ በእጁ ሮማን ይዞ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሥላው አይቻለሁ፤ ከሥሩም «እንዲህ የሚወደኝ ይስጠኝ» ብላ ጽፋበታለች። ሥዕሉ በእውነት ያማረ ነበር፤ የጣቶቹ አያያዝና የሮማኑ ፍሬ መሰንጠቅ ሳይቀር በጥንቃቄ ተሠርቷል። እኔን ያሳሰበኝ ልጅቱ የዚያን ሮማን ታሪክ ከአዲሱ መጽሐፍ በቀር ከሌላ ከየትም ሰምታው የማታውቅ መሆኗ ነው።

ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ይበልጥ የታወቀው የኒውዚላንዷ ሠዓሊና ደራሲ የሬቸል ስማይዝ «ሎር ኦሊምፐስ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዌብቱን በተባለው የስልክ ንባብ መድረክ ላይ በተከታታይ ክፍል መውጣት የጀመረው ይህ ሥራ በ2024 ተጠናቋል፤ ከ2021 ጀምሮም በመጽሐፍ መልክ ታትሟል፤ በ2022 እና በ2023 ደግሞ በአሜሪካ ለሥዕል ትረካ የሚሰጠውን የአይስነር ሽልማት ተሸልሟል። በዚህ ታሪክ ውስጥ አማልክቱ ስልክ ይይዛሉ፣ መኪና ይነዳሉ፤ ሐዴስ የሙታንን ዓለም እንደ ትልቅ ኩባንያ የሚያስተዳድር፣ ሀብታምና ብቸኛ፣ በልጅነቱ በአባቱ ጭካኔ ልቡ የቆሰለ ሰው ሆኖ ቀርቧል፤ ፐርሰፎኒ ደግሞ ከእናቷ ጥብቅ ቁጥጥር ገና የወጣች የ19 ዓመት ተማሪ ናት። እርሱን ተከትለው የወጡም ሆኑ አብረውት የሚነበቡ ሌሎች ሥራዎች በዝርዝር ቢለያዩም ዋና መንገዳቸው አንድ ነው፤ ልጅቱ አልተጠለፈችም፣ ወድዳ ሄደች ይላሉ።

ለስማይዝ ሥራ የሚገባውን ምስጋና ሳልሰጥ ማለፍ አልፈልግም። ደራሲዋ የአስገድዶ መድፈርን ጉዳይ አልሸሸችም። በደሉን የሚፈጽመው ግን ሐዴስ ሳይሆን ሌላው አምላክ አፖሎ እንዲሆን አድርጋ፣ ፐርሰፎኒ የደረሰባትን ለመናገር ስትቸገር፣ ጥፋቱን በራሷ ላይ ስትቆልል፣ ቀስ በቀስም አንደበቷ ሲፈታ በትዕግሥት አሳይታለች። በእኛ አካባቢ ስለዚህ ጉዳይ በቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ደፍሮ የሚያወራ ጥቂት በሆነበት ሁኔታ፣ አንዲት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር በመጀመሪያ ያገኘችው በሥዕል ልቦለድ ውስጥ ቢሆን አይደንቀኝም፤ ማግኘቷንም እደግፋለሁ። ለጥንቷ ልጅ በገዛ ሕይወቷ ላይ የመወሰን ሥልጣን መስጠትም ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሆኖም በደሉን ከሐዴስ ወደ አፖሎ ማዛወር ለዋናው ጠላፊ የጸዳ ስም ይሰጠዋል፤ የእኔም ክርክር የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጥንታዊው ታሪክ በሰፊው ተተርኮ የሚገኘው የፐርሰፎኒ እናትና የእህል አምላክ ለሆነችው ለዴሜተር በተዘመረው፣ በጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር ስም በሚጠራው ነገር ግን ሆሜር ራሱ እንዳልደረሰው በሚታመነው መዝሙር ውስጥ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ወይም በ6ኛው መቶ ዓመት እንደተደረሰ የሚገመተው ይህ ግጥም 500 ለመሙላት ጥቂት የጎደሉት ስንኞች አሉት፤ የያዘውም የእጅ ጽሑፍ ሞስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1777 እስኪገኝ ድረስ ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ነበር። በግጥሙ ውስጥ ልጅቱ ከእኩዮቿ ጋር በመስክ ላይ አበባ ስትለቅም፣ እርሷን ለማጥመድ ተብሎ የበቀለ አንድ ውብ አበባ ታያለች፤ ልትቀጥፈው ሁለት እጆቿን ስትዘረጋ ምድር ተሰንጥቃ ሐዴስ በወርቅ ሠረገላው ብቅ ይልና ሳትወድ፣ እየጮኸች ይዟት ይሄዳል። የምትጣራው አባቷን፣ የአማልክቱን ንጉሥ ዜኡስን ነው፤ እናቷ ሳታውቅ ልጅቱን ለወንድሙ የሰጠው ግን ያው የምትጣራው አባቷ ነበር። ጩኸቷን ሄካቴ የተባለችው አምላክ ከዋሻዋ ሆና ትሰማለች፣ ፀሐይ የሆነው ሄሊዮስም ከሰማይ ይሰማል፤ በመጨረሻም የተራሮቹ ማሚቶ ከእናቷ ጆሮ ያደርሰዋል። ዴሜተር የራስ መሸፈኛዋን ቀድዳ፣ በሁለት እጇ ችቦ ይዛ፣ ሳትበላ፣ ሳትጠጣ፣ ገላዋንም ሳትታጠብ 9 ቀን ሙሉ ምድርን ትዞራለች። በ10ኛው ቀን ሄሊዮስ እውነቱን ይነግራትና አብሮ ያጽናናታል፤ ሐዴስ የሚናቅ አማች አይደለም፣ የገዛ ወንድምሽ ነው፣ ከሦስት የተከፈለውን ዓለም አንዱን ድርሻ የሚገዛ ጌታ ነው ይላታል።

ደንቢያ ወይም በለሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን የማጽናኛ ንግግር በሚገባ ያውቀዋል። ልጅቷ ውኃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትሄድ ወጥታ መንገድ ላይ ትጠለፋለች፤ ከቀናት በኋላ የጠላፊው ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹም ነገሩ አንዴ ሆኗልና የልጁን ዘር፣ የአባቱን ከብትና መሬት እየቆጠሩ የእናትን ልብ ለማብረድ ይሞክራሉ። አክስቴ ገና ልጅ ሳለች በዚህ መንገድ ነው የተዳረችው፤ ተዳረች ማለት ከተቻለ። አያቴ ለብዙ ጊዜ ራሷን ቅቤ እንዳልተቀባች፣ ለሽማግሌዎቹ የቀረበውን ጠላም እንዳልቀመሰች በቤታችን ሲነገር ነው ያደግሁት፤ አያቴን ግን የእርቁ ቀን ማንም አልጠየቃትም። የግሪኩ ገጣሚ ከዚያ ሁሉ ዘመንና ርቀት ሆኖ የእናትን ሐዘን በዚህ መጠን ማወቁ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዴሜተር እኮ ዝም አላለችም። ዘርን በምድር ውስጥ ደብቃ አስቀረች፤ በሬዎች ማረሻውን በከንቱ ጎተቱ፤ የተዘራው ገብስ ሳይበቅል ቀረ። ዜኡስ አማልክቱን አንድ በአንድ ስጦታ እያስያዘ እንደ ሽማግሌ ላከባት፤ እርሷ ግን ልጄን በዓይኔ ሳላይ አንድ ቡቃያ አላበቅልም አለች። የአማልክቱ መልእክተኛ ሄርሜስ ልጅቱን ሊመልስ ሲወርድ ፐርሰፎኒ በደስታ ዘልላ ተነሣች፤ ሐዴስ ግን ሹልክ አድርጎ የሮማን ፍሬ አቀመሳት። በኋላም ለእናቷ ስትነግራት ሳልወድ በግድ አቀመሰኝ ነው ያለችው። በዚያች ፍሬ ምክንያት ከዓመቱ ሢሶውን ከመሬት በታች፣ የቀረውን ከእናቷ ጋር እንድታሳልፍ ተወሰነ።

በአዲሶቹ ልቦለዶች ውስጥ ይህ ሁሉ ምን ሆነ? ሮማኑ የፍቅር ምልክት ሆኗል። የአባትየው ፈቃድ እንደ ዋና ነገር አይነሣም። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ዴሜተር በብዙዎቹ ውስጥ ልጇን አፍና የያዘች፣ ፍቅር የማይገባት፣ የሁለቱ መገናኘት እንቅፋት ሆና መሣሏ ነው። ፈላጊዋ እናት ከልካይ እናት ሆነች። እንደ አንባቢ የምቃወመው ይህን መገለባበጥ ነው፤ ምክንያቱም በጥንቱ ግጥም ውስጥ ለልጅቱ የቆመላት ብቸኛ ሰው ያቺ እናት ነበረችና።

ይህ ጉዳይ ለእኛ የሩቅ የሥነ ጽሑፍ ክርክር ብቻ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በፈቃዷ አገባኋት ካለና ጋብቻው ከጸና ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ይህን በር ዘግቶ፣ ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ፣ ከጠለፋው በኋላ የተፈጸመ ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድነው ደነገገ። በኋላ የመጣ ፍቅር አስቀድሞ የተፈጸመውን ኃይል አያነጻም የሚለውን መርሕ ለማግኘት ሀገራችን ያን ያህል ዓመት ወስዶባታል፤ ከሕጉ በስተጀርባም የብዙ ሴቶች እንባና የሴት ጠበቆች ድካም አለ። አሁን ደግሞ ያንኑ አሮጌ አስተሳሰብ፣ ማለትም ጠላፊው ደግ፣ ሀብታምና አፍቃሪ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ጠለፋ አልነበረም የሚለውን፣ ሴት ልጆቻችን በውብ ቀለም ተጌጦ ሲያነቡት ዝም ብዬ ማየት አልቻልሁም። የኒውዚላንድ አንባቢ ይህን እንደ ጨዋታ ሊያየው ይችል ይሆናል፤ አክስቷ ተጠልፋ ያገባች ልጅ ግን ከዚያ የተለየ ነገር ታነብበታለች።

የሥዕልን ኃይል ደግሞ ጎንደር ሆኖ መካድ አይቻልም። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የቅዱሳኑ ታሪክ በተርታ እየተሣለ፣ በግእዝ ጽሑፍም እየተብራራ መተረኩን ያያል። በዚህ የአሣሣል ወግ ጻድቁ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኖቹ ይታያል፤ ክፉው ደግሞ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላል። ማንበብ የማይችል ምእመን ሳይቀር ማንን ማመን፣ ማንን መሸሽ እንዳለበት ከዓይን ቁጥር ይረዳል። በአዲሶቹ የሥዕል ልቦለዶችም ፍርዱ የሚሰጠው በተመሳሳይ መንገድ በሠዓሊዋ እጅ ነው። ስማይዝ ፐርሰፎኒን ሮዝ፣ ሐዴስን ሰማያዊ፣ ዴሜተርን አረንጓዴ አድርጋ ሥላለች፤ ሐዴስ ብቻውን በሌሊት ሲቆዝም ፊቱን በሰፊ ገጽ፣ ዓይኖቹን በእንባ ሞልታ ታሳየናለች፤ አንባቢዋም ገና አንድ ቃል ሳታነብ አዝናለት ትጨርሳለች። ይህ ታላቅ የሠዓሊነት ችሎታ ነው። እኔ የምመኘው እንዲህ ያለ ብርሃን፣ እንዲህ ያለ ሰፊ ገጽ፣ ችቦ ይዛ በሌሊት ለምትሄደው እናትም እንዲሰጣት ነው።

የራሳችንም ትረካ ከዚህ ጥያቄ ውጭ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትንንሽ ሣጥኖች ተከፋፍሎ ሲሣል ሁላችንም አይተናል። በክብረ ነገሥት እንደተጻፈው ንጉሥ ሰሎሞን ቅመም የበዛበትን ምግብ ሆን ብሎ አቀረበ፤ ንግሥቲቱ በቤቱ ካለው ሁሉ ምንም ላትወስድ ምላ ስለነበር በሌሊት ጠምቷት ውኃ ልትጠጣ ስትል እጇን ያዛት፣ መሐላዋንም አፍርሳለች ብሎ በግድ አልነካሽም ያለውን የራሱን ቃል ፈታ። አንዲት የሮማን ፍሬና አንድ ጽዋ ውኃ፤ ሁለቱም ሴቲቱን የሚያስር ማጥመጃ ናቸው። የአገራችን ሠዓልያን ግን ያን ሣጥን አልዘለሉትም፤ ምግቡንም፣ ውኃውንም፣ የንጉሡንም እጅ ሥለው አቆይተውልናል፤ ተመልካችም ያየውን አይቶ የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ከአዲሶቹ ደራሲዎች የምጠብቀውም ይህንኑ ያህል ታማኝነት ነው፤ ታሪኩን ይለውጡት፣ የለወጡትን ቦታ ግን አይሰውሩት።

ስለዚህ ለዝግጅት ክፍሉ የማቀርበው ጥያቄ አለኝ። የዴሜተርን መዝሙር ጥሩ አድርጎ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ተፈልጎ፣ ግጥሙ በባህል ዓምዳችሁ በተከታታይ እትሞች ተከፋፍሎ ቢወጣ፣ መምህራን አዲሱን ልቦለድና ጥንታዊውን ግጥም ጎን ለጎን አድርገን በክፍል ውስጥ ለማንበብ እንችላለን። ስልክ መንጠቅና መከልከል ልጆቹን ከእኛ ከማራቅ በቀር ምንም አይፈይድም፤ ይህን የምለው የሥራ ባልደረቦቼ ጭምር ከዚህ የተለየ አቋም እንዳላቸው እያወቅሁ ነው። ከግጥሙ ጋር የሚወጣውን ሥዕል ደግሞ የጎንደር ወጣት ሠዓልያን እንዲሠሩት ጥሪ ቢደረግ ደስ ይለኛል። እግረ መንገዴን የማነሣው ነገር ቢኖር፣ በግሪኮች ተረት ለባሕር አውሬ ተሰጥታ በጀግናው በፐርሲየስ የተረፈችው አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የቄፌዎስ ልጅ ናት። ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ ቢሆንም፣ ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ቆዳዋ ጠቆር ያለ መሆኑን ጽፎ ሳለ የአውሮፓ ሠዓልያን ለዘመናት ነጭ አድርገው ሲሥሏት ኖረዋል። እርሷንም በራሳችን ቀለምና በራሳችን ዓይን የሚሥል ወጣት ከዚህ ከተማ ቢነሣ፣ ዓምዳችሁ ቦታ ይነፍገዋል ብዬ አላምንም።

ትርጉሙ በሚዘጋጅበት ጊዜ ረቂቁን ከተማሪዎቼ ጋር አንብቤ ለወጣት አንባቢ የሚከብዱትን ስንኞች ለመጠቆም ፈቃደኛ ነኝ። የዝግጅት ክፍሉን ምላሽ በአክብሮት እጠብቃለሁ።

አንዲት የሥነ ጽሑፍ መምህርት
አዘዞ፣ ጎንደር