ክሬም ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ

ውድ አባላት፣

ክሬምም ሆነ ሎሽን ስትመርጡ ዕቃውን አዙሩና የግብዓቶቹን ዝርዝር እዩ። በብዛት ያለው መጀመሪያ ይጻፋል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት ግን ቅደም ተከተል ላይጠብቁ ይችላሉ። «ፓርፉም» የሚለው አንድ ቃል የብዙ ሽታ ሰጪ ኬሚካሎችን ድብልቅ ይሸፍናል፤ ቆዳችሁ ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ እለፉት።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ቆዳ የሚያነጣ ክሬም ነው። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ ከተቀባች እናት እጅና ፎጣ ወደ ልጇም ይተላለፋል። «ካሎሜል»፣ «ሜርኩሪክ» ወይም «ሜርኩሪዮ» የሚል ካያችሁ አትግዙ። «ወርቅ፣ ብር፣ አሉሚኒየም ወይም ጎማ አያስነኩ» የሚል ማስጠንቀቂያም ምልክቱ ነው። ግብዓቱ ጭራሽ ያልተጻፈበትን እባካችሁ ተዉት።

አዲስ ምርት ፊታችሁን ከመቀባታችሁ በፊት የሳንቲም ስፋት በሚያህል ቦታ በክንዳችሁ የውስጥ በኩል፣ ክርን መታጠፊያው ላይ፣ በቀን 2 ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ሞክሩት። አለርጂ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ የአንድ ቀን ሙከራ አይበቃም። ካሳከከ ወይም ከቀላ ታጠቡትና አቁሙ።

ክዳኑ በተከፈተ ዕቃ ሥዕል ላይ 12 ካለ፣ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው። ማስካራ ግን ከ3 ወር አይለፍ፤ ሲደርቅ ውሃ ወይም ምራቅ አትጨምሩበት፣ ባክቴሪያ ወደ ዓይን ይገባል።