አባዬ፣ ስልክ ላይ ያልነገርኩህ

አባዬ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህስ እንዴት አደረገህ? ስደውል "ደህና ነኝ፣ ልጁን አቅርቢልኝ" ትለኛለህ፣ እሱ ደሞ አንዴ ስልኩን ከያዘ መልሶ አይሰጥም፣ ስለዚህ ልጻፍልህ ብዬ ነው። ፊደሉ ካነሰብህ ስክሪኑን በሁለት ጣት ለጠጥ አድርገው፣ ይተልቃል። ሰው በሌለበት ብቻህን አንብበው።

ልጁ ደህና ነው። ከሽርሽሩ ወዲህ ወሬው ሁሉ ጉንዳን ሆኗል። ጉንዳኖች የሚሰለፉት ፊት የሄደችው መሬት ላይ የተወችውን ሽታ እየተከተሉ ነው ብለህ ነግረኸው የለ፣ ይሄው ሳሎን ውስጥ እየዳኸ ምንጣፉን ያሸትልኛል፣ ምን እየሰራህ ነው ስለው "አያዬ የት እንደሄደ እየፈለኩ ነው" አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ከዛ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ። ጫማውን ራሱ ማድረግ ጀምሯል፣ ግራና ቀኙን ቢያቀያይርም። ሳሉ ለቆታል። ሱሪዎቹ በሙሉ አጥረውበታል፣ ቁመቱን ብታየው።

ያን ቀን ምን እንዳየሁ ልንገርህ። ከመኪናው እስከ ወንዙ ያለው ለኛ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው፣ ለሱ ግን የግማሽ ቀን ስራ ነው፣ ድንጋይ ያነሳል፣ ይጥላል፣ የጣለውን ለማንሳት ይመለሳል፣ ጥላውን ይረግጣል፣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ወንዙ ቢኖርም ባይኖርም ግዱ አይደለም። ባለቤቴ እቃውን ይዞ ቀደመ፣ እኔ ባዶ ጋሪውን እየገፋሁ ከኋላ ቀረሁ፣ እናንተ ሁለታችሁ መሀል ላይ። እሱ ቁጢጥ ሲል አንተም በዛ ጉልበትህ ቁጢጥ ትላለህ። ሲቆም ትቆማለህ። አንዴም "ና እንሂድ" አላልከውም። ደስ አለኝ አባዬ፣ ከልቤ ነው የምልህ፣ ግን ደስ እያለኝ እንባዬ ደሞ ይተናነቀኝ ነበር።

እኔን አልጠበከኝም እኮ።

ታስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እሁድ እሁድ ይዘኸን ትወጣ ነበር፣ አንተ እጅህን ወደኋላ አጣምረህ ከፊት፣ ወንድሜ ተከትሎህ፣ እኔ እየሮጥኩ። ጠብቀኝ ስልህ ሳትዞር "ካልቻልሽ እናትሽ ጋ ተመለሺ" ነበር መልስህ። ያቺ የሰንደል ጫማዬ ማሰሪያ የተበጠሰች ቀን ኩርባው ጋ ጠፋችሁብኝ፣ መንገዱ እዛ ለሁለት ይከፈላል፣ በየትኛው እንደሄዳችሁ አላውቅም፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ተመልሶ የመጣልኝ ወንድሜ ነው። አንተ ጋ ስደርስ ውሃውን እያየህ "ደረስሽ?" አልከኝ፣ በቃ። ጫማዬን እንኳን አላየህም። ማታ እማዬ እግሬን እያጠበች "አባትሽ ሀሳብ ስላለበት ነው" አለችኝ፣ የምን ሀሳብ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ ያ አመት ምን አይነት አመት እንደነበረ አሁን አውቃለሁ፣ ማወቄ ግን ከውስጤ አላወጣልኝም። እስከ ዛሬ ከሰው ጋር ስሄድ እፈጥናለሁ፣ ባለቤቴ "ማን ያባርርሻል" ይለኛል። ያስተማርከኝን፣ የከፈልክልኝን፣ ታምሜ ሳድር አብረኸኝ የነቃኸውን ሁሉ አውቃለሁ፣ አመሰግንሃለሁ፣ ግን ይሄን ሳልነግርህ መቅረት አልፈልግም።

ደሞ ውሃ ጠጣ። ያን ቀን የያዝኩልህን ጠርሙስ ሳትከፍተው ነው የመለስከው፣ አልጠማኝም አልከኝ። እድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፣ ሰውነት ውሃ እየፈለገ ሰውየው አይሰማውም፣ እና እስኪጠማህ አትጠብቅ። የደም ግፊት ኪኒንህ ደሞ ሽንት የሚያበዛው አይነት ነው፣ ፀሀይ ላይ ውለህ ውሃው ካነሰ ያዞርሃል፣ ከድንጋዩ ስትነሳ ያንገዳገደህ እሱም ሊሆን ይችላል። መጠኑን ዶክተሩን እንጠይቀዋለን። ባርኔጣም አድርግ። ደመና አለ ማለት ፀሀይ አያቃጥልም ማለት አይደለም፣ ጨረሩ በደመናው ያልፋል፣ የልጁን ጆሮ ጀርባ ሳይቀር ክሬም ስቀባ ስትስቅብኝ ነበር፣ ማታ ያንተ አናት ቀልቶ አየሁት።

እሺ። ከዚህ በላይ ዙሪያውን መዞር አልችልም። የመኪናውን ነገር ልንገርህ።

ከወንዙ ስንመለስ እንቅልፍ ወሰደው፣ መኪናው ውስጥ ወንበሩ ላይ አስተኛነው፣ አንተ "በሩን ከፍቼ አብሬው እቀመጣለሁ" አልክ። እኛ ዛፉ ስር ምንጣፍ ልናነጥፍ ሄድን። ብዙም ሳትቆይ ብቻህን መጣህ። ተቀመጥክ። ምሳ ደረሰ ወይ አልከኝ። ልጁስ ስልህ ፊቴን ትኩር ብለህ አየኸኝና "የቱ ልጅ?" አልከኝ። አባዬ፣ እንደዛ ሮጬ አላውቅም። በሩም መስኮቱም ተዘግቷል፣ ደግነቱ አልቆለፍከውም። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ተኝቷል። ምንም አልሆነም ተመስገን። በኋላ አንተ "ለአፍታ እኮ ነው" አልክ፣ ባለቤቴ ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ ምሳ በላን።

ብዙም በማይሞቅበት ቀን፣ ውጪው 22 ዲግሪ ቢሆን እንኳን፣ የተዘጋ መኪና ውስጡ በ10 ደቂቃ 10 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፣ ባንድ ሰዓት ከ40 ያልፋል፣ መስኮቱን ገርበብ ማድረግም ብዙ አይለውጠውም፣ የህፃን ሰውነት ደሞ ከትልቅ ሰው በጣም ቶሎ ይግላል። ይሄን የምነግርህ ልወቅስህ አይደለም። አንተ ግድ የለሽ ሰው አይደለህም፣ እኔ የማውቀው አባቴ በሩን ደጋግሞ ሳይፈትሽ አይተኛም። ያኔ እኔን ጥለኸኝ ስትሄድ ከኋላህ እንደምመጣ ታውቅ ነበር። አሁን ግን አላወክም። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ኩሽና ውስጥ ያስለቀሰኝም ይሄ ነው። ወንድሜም አንድ ጥያቄ ደጋግመህ እንደምትጠይቀው ነግሮኛል፣ እሱን አትቆጣው፣ እኔ ነኝ አስጨንቄ ያስወጣሁት።

የምፈራውን በሽታ ስሙን አልጽፈውም። ግን የሚያስረሳ ነገር ሁሉ እሱ ብቻ አይደለም፣ የታይሮይድ ማነስ አለ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አለ፣ አብረው የማይሄዱ ኪኒኖች አሉ፣ የጆሮ መድከምም ያምታታል፣ ሀዘን ሲከርም ወደ ድብርት ይሄድና ሰው ያስረሳል፣ አንተ ደሞ እማዬ ካለፈች ወዲህ አልቅሰህ አይቼህ አላውቅም። እነዚህ ቶሎ ከታወቁ ይታከማሉ፣ ታይሮይዱና ቫይታሚኑ በደም ምርመራ ብቻ ይታያሉ። ለዚህ ነው ዝም ማለት የማልችለው።

እስኪታወቅ ድረስ ልጁን ብቻህን አልሰጥህም አባዬ። መኪና ውስጥም፣ ውሃ ዳርም። ህፃን ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጮሆ አይጣራም፣ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ ውሃም ይበቃዋል። ይሄን መስመር ጽፌ አጥፍቼ እንደገና ነው የጻፍኩት። እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ፣ ተቀየመኝ፣ ቁጣህንም እችለዋለሁ። አልለያችሁም፣ እንደዛ ቀን አብራችሁ ቁጢጥ እያላችሁ ሂዱ፣ እኔ ግን አይኔ የሚያያችሁ ቦታ እሆናለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሃለሁ፣ እኔ ነኝ የምወስድህ፣ ከስራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ቁርስ ሳትበላ ና ካሉ ማታ ደውዬ አሳውቅሃለሁ። የምትወስዳቸውን ኪኒኖች በሙሉ፣ መሳቢያው ውስጥ የተረሱትን አሮጌዎቹንም ጭምር፣ በፌስታል አድርገህ በር ላይ ጠብቀኝ።

ልጅህ