ሾተል ያሠራንበት ዓመት

የታሪክና ቅርስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

መስከረም ላይ ያወጣነው ዕቅድ ረጅም ነበር። የሙዚየም ጉብኝት፣ የጥያቄና መልስ ውድድር፣ ችግኝ ተከላ ሳይቀር ነበረበት። እነዚህን በአጭሩ ልለፋቸው። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የኢትኖሎጂ ሙዚየም ጎብኝተናል። ውድድሩን 11ኛ "ለ" አሸንፏል። ችግኞቹን የሰፈር ፍየል በልቷቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ያሯሯጠን ግን አንድ ሾተል፣ ያ የታጠፈው የጥንት ሰይፍ ነው።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከሙዚየሙ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ "ቲቸር፣ በመስታወት አይተን መመለሳችን ነው? ለምን አንድ ነገር አናሠራም?" አለች። በወላጆች ቀን ቡናና አምባሻ ሸጠን ያጠራቀምናት ገንዘብ ነበረች። እጅ ወጣ፤ ተቆጠረ፤ ሰይፍ አሸነፈ። መሶብ በጠባብ ልዩነት ተሸነፈ። እኔ የመረጥኩት መሶቡን ነበር።

"ሰይፍ" ማለት ቀላል ነው። ግን የቱን? መጀመሪያ የቀረበልን ሥዕል ከስልክ ጌም የተቀዳ ነበር። ጀርባው እሾህ፣ እጀታው የራስ ቅል። በሳቅ ወደቀ። ቀጥሎ አንድ ልጅ የቅድመ አያቱን ጎራዴ ፎቶ አንስቶ መጣ። እሱስ ያምራል። ግን ፎቶውን አጉልተን ስናይ ብረቱ ላይ አንበሳ ተቀርጾ፣ ከሥሩ የላቲን ፊደላት አሉ። ይህ ብርቅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አገራችን ከገቡት የጎራዴ ብረቶች ውስጥ በሰይፍ ሥራ ከታወቀችው ከጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ የመጡ አሉበት። እጀታውና አፎቱ እዚህ ይገጠምላቸው ነበር። ልጁ ቅር አለው። "ታዲያ የአያቴ አይደለም ማለት ነው?" አለ። የአያትህማ ነው፣ ብረቱ ግን በመርከብ የመጣ ነው አልነው።

በመጨረሻ ሾተል ላይ ረጋን። ሾተል ከእጀታው ጋር አንድ ሜትር ገደማ ነው። በሁለቱም ወገን ስለት አለው። ከመሃሉ ጀምሮ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። የታጠፈውም የባላጋራን ጋሻ አልፎ ከኋላው እንዲወጋ ነው። ይህን በቃል ሳስረዳ ማንም አልገባውም። አንዱ ከፍሪጅ ካርቶን ሾተል ቆረጠ፤ ሌላዋ ከመምህራን ክበብ ሰፌድ ተውሳ መጣች። ልጅቷ ሰፌዱን ደረቷ ላይ ያዘች። ልጁ በቀጥታ ሲሰነዝር ሰፌዱ መለሰው። እጁን አዙሮ ከጎን ሲመጣ ግን የካርቶኑ ጫፍ በሰፌዱ ጠርዝ ዞሮ ትከሻዋን ነካ። ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ። ያው፣ ሁሉም ልሞክር አለና የመምህራን ክበብ ሰፌድ ያለ ጠርዝ ቀረ።

አንድ ክርክር ግን ሳምንታት ወሰደብን። ከሾተሉ ጎን የሚቀመጠው መግለጫ ላይ ምን ይጻፍ? ልጆቹ "የአፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ሾተል" እንዲባል ፈለጉ። ዐምደ ጽዮን የነገሡት ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በየሙዚየሙ የምናያቸው ሾተሎች ግን አብዛኞቹ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ያላየነውን ዘመን በዚህ ቅርጽ ላይ መለጠፍ አይገባም ብዬ ድርቅ አልኩ። "በጥንቱ ቅርጽ በእጅ የተሠራ ቅጂ" ተባለ። ያኮረፉ ነበሩ።

ባለሙያውን ያገኘነው ከለገጣፎ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ማረሻ፣ ማጭድና ምሳር ይሠራሉ። እርሻው ወደ ኮንዶሚኒየም ሲለወጥ ማረሻ ፈላጊ እየቀነሰ መጣ እንጂ ድሮ ፋታ አልነበራቸውም። ልጆቹ "ጋሼ" ይሏቸዋል፤ እኔም ተከተልኩ። ሥዕላችንን ገልብጠው ገላብጠው አዩና "ስንት ጣት ይስፋ?" አሉ። ልጆቹ በሴንቲሜትር፣ እሳቸው በጣትና በስንዝር፤ መግባባት የለም። ያዳነን የካርቶኑ ሾተል ነው። ግድግዳ ላይ አስደግፈው በከሰል ዙሪያውን ሠመሩ። አለቀ። ዋጋው ላይ ትንሽ ተሟገትንና ግማሹን ቀብድ ሰጥተን ወጣን።

ከምን ይሠራ ለሚለው አላመነቱም። "ባሌስትራ" አሉ። አንድ ልጅ ፌሮ ይረክሳል ብሎ ነበር። ፌሮ ካርቦኑ ትንሽ ስለሆነ ተግሎ ቢነከርም እምብዛም አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከ0.5 እስከ 0.6 በመቶ ካርቦን አለው። ተጣጥፎ ወደ ቦታው እንዲመለስ የተሠራ ብረት ነው። ምናለሽ ተራ ወርደን የአሮጌ አይሱዙ ባሌስትራ ገዛን። ጋሼ በሽቦ አንጠልጥለው በመዶሻ ኳ አደረጉት። ድምፁ ረዥምና ጥርት ያለ ከሆነ ደህና ነው፤ ቶሎ ከታፈነ ውስጡ ስንጥቅ አለበት ማለት ነው። የኛው ጮኸ።

ርዕሰ መምህሩ ፈቃድ የሰጡት በቅድመ ሁኔታ ነው። ስለት አይወጣለትም፤ ጫፉም ይደነዝዛል፤ ለወረዳው ፖሊስ በደብዳቤ ይነገራል። ልጆቹ "የማይቆርጥ ሰይፍ ምን ሰይፍ ነው" ብለው አጉረመረሙ። እኔ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነኝ። የማስተምረው 9ኛ ክፍልን ነዋ።

ስለ አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ። ጥቂት ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ ቀጥቃጭ ግቢ መላክ አልፈለጉም። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሹክሹክታ የሚባለውን። አፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁን ሁለት ተማሪዎች ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል አነበቡት፤ ሰልፉ ጸጥ አለ። አንዲት እናት በሳምንቱ ልጇን ራሷ ይዛ መጣች። ሌሎቹ አልመጡም። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ስቀው "ማረሻ ሲሰበርባቸው በሩን ያውቁታል" አሉ። የታሪክ መጽሐፋችን ማን ከማን ጋር እንደተዋጋ ይነግረናል። ሰይፉን ማን እንደሠራው ግን እምብዛም አይነግረንም፤ ይህ ክበብ ቢያንስ እሱን ይጠይቅ።

ሥራው ዘገየ። የካቲት ላይ ያዘዝነው ዕቃ ሚያዝያም አልደረሰም። ስንጨቀጭቃቸው ጋሼ "ዝናብ ማረሻን አይጠብቅም። የእናንተ ሾተል ማንንም አይወጋ፣ ይቆይ" አሉን። ትክክል ነበሩ፤ ከደጃቸው ገበሬዎች ተሰልፈዋል።

የነከሩበት ቀን ግን ተጠርተን ሄድን። ምድጃው የሚራገበው በወናፍ ሳይሆን በብስክሌት ጎማ በሚዞር ማራገቢያ ነው። ልጆቹ ተራ በተራ አዞሩ። አንዱ ከተበላሸ ስፒከር የፈታውን ማግኔት በሽቦ አስሮ መጥቷል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም፤ ይህን ከፊዚክስ መምህራቸው ሰምተዋል። ጋሼ ቀለሙን ብቻ ነው የሚያዩት። በሩን ገጠም አድርገው ጨለማ ውስጥ አፍጥጠው ያያሉ። ልጁ ማግኔቱን አስጠጋ፤ ብረቱ ላይ ልጥፍ አለ። ትንሽ ቆየና "አሁን" አሉ። ማግኔቱ እንደገና ቀረበ። ዝም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ጭሱ ቤቱን ሞላው። ውኃ ለምን አይሆንም ላላችሁ፣ ውኃ ፈጥኖ ስለሚያቀዘቅዝ እንዲህ ያለውን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ሲወጣ ወደ ጎን ጎበጥ ብሏል። ቀጭን ብረት ይህ ያጋጥመዋል። ልጆቹ ክው አሉ፤ ጋሼ ግን ሲጋራቸውን ለኮሱ። ተነክሮ የወጣ ብረት ደረቅ ስለሆነ ቢወድቅ ይሰበራል፤ እንደገና በመጠኑ መሞቅ አለበት። አንዱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት አጸዱትና ከፍሙ በላይ ያዙት። የጸዳው ብረት ላይ ቀለም መሄድ ጀመረ። መጀመሪያ ገለባማ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻ ሰማያዊ። ሰማያዊው ጫፉ ሲደርስ አነሱት። ትኩስ ሳለ ሞርሳ ላይ አስረው ቀስ እያሉ አቀኑት።

እጀታው ወይራ ነው። የድሮ ጌቶች የአውራሪስ ቀንድ ይመርጡ ነበር፤ እኛ እንኳን ገንዘቡ ኖሮን፣ አውራሪሱስ የት አለ? የብረቱ ጭራ በእንጨቱ መሃል አልፎ ጫፉ በሮንዴላ ላይ ተቀጥቅጦ ተቆልፏል። አፎቱን የሠራልን የመርካቶ ጫማ ሰፊ ነው፤ የታጠፈ ዕቃ መስፋት አድካሚ ነው ብሎ ሲያማርረን ከረመ። ቀይ ቆዳ የመረጥነው ባሕር ዓረብ በሚባለው የድሮ ምርጥ ቀይ ቆዳ ምትክ ነው።

ሲያልቅ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ የስኳር ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። ኪሎ አልሞላም። ልጆቹ አምስት፣ ስድስት ኪሎ ገምተው ነበር፤ ፊልም ላይ ሰው ሲያንገዳግድ ስላዩ። የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የአንድ እጅ ሰይፍም ቢሆን አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያዙት ነገር ከዚያ በላይ ቢከብድ ማን ይዋጋል?

በሰኔው ዐውደ ርእይ ሾተሉን የሚታጠቀውን የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ስናለብስ የመጨረሻው ጭቅጭቅ ተነሣ፤ በየት ጎን ይታጠቅ? ፊልም ያዩት በግራ አሉ። የድሮ አገር ጎብኚዎች እንደጻፉት ግን አበሻ ሰይፉን የሚታጠቀው በቀኝ ነው። በቀኝ ታጠቀ። ጋሼን በክብር እንግድነት ጠርተናቸው ከነባለቤታቸው መጡ። መግለጫውን በልጅ አስነብበው ሰሙና "ስለቱን እናንተ ከለከላችሁኝ ብላችሁ ጻፉበት፣ ሰው አልቻለም እንዳይለኝ" አሉ። ተጽፎበታል።

ሾተሉ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተቆለፈ ሳጥን አለ፤ ቁልፉ ኃላፊዋ ጋ ነው። ካዝናችን ውስጥ 740 ብር ቀርቷል። ለከርሞ ጋሻ እናሠራ የሚሉ በዝተዋል። የጥንቱ ጋሻ ከጎሽና ከጉማሬ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ እኛ በበሬ ቆዳ እንሞክራለን። ቆዳ የሚያውቅ ወላጅ ወይም አያት ያላችሁ፣ መስከረም ላይ ዓርብ ከሰዓት ክበቡ ክፍል ብቅ በሉ።