ይበቃዋል፦ የእጅ ሥራ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

እስካሁን በዚህ መጽሔት የክበባት ገጽ ላይ ለኛ የሚደርሰን ሁለት መስመር ነበር። «የእጅ ሥራ ክበብ ልዩ ልዩ ጌጣጌጦችን ሠርቷል» ይልና ያበቃል። ዘንድሮ አዘጋጆቹን ሰፋ ያለ ቦታ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁን ሐሙስ ከሰዓት፣ ከላይብረሪው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ የአይስክሬም እንጨትና ኮላ ይዘን ነው። «የጨዋታ ክበብ» ሲሉን ሰምቻለሁ። «እንጨት ከሚለቅሙ ሒሳብ ቢያጠኑ አይሻልም ወይ?» ብለው የጠየቁኝ ወላጅም አሉ። ቅር ብሎኛል። ግን ወላጅ ልጁ ጊዜውን በምን እንደሚያሳልፍ የመጠየቅ መብት አለው። ስለዚህ ዓመቱን እንዴት እንዳሳለፍን ልንገራችሁ።

በጥቅምት ወር ስንጀምር 34 ተማሪዎች ተመዘገቡ፤ አብዛኞቹ ከ5ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ያሉ ናቸው። ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ንብረት ያዥ መረጥን። ዕቅድ አወጣን። በመጀመሪያው ቀን ስለ ፍራንክ ኤፐርሰን ነገርኳቸው። አሜሪካዊ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905፣ በ11 ዓመቱ፣ የለስላሳ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ማማሰያውን እንጨት እንዳለ ብርጭቆው ውስጥ ትቶ በረንዳ ላይ አሳደረው። ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበርና ጠዋት ሲነሳ እንጨቱ በበረዶው መሃል ቆሞ አገኘው። ካደገ በኋላ በ1924 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ በመጀመሪያ የጠየቁት ስለ አይስክሬሙ አልነበረም። «በ11 ዓመቱ?» ነው ያሉት። የኛ የ5ኛ ክፍል ልጆች እኩያ መሆኑ ነው የገረማቸው።

እንጨቱን ከየት እንደምናመጣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እሑድ እሑድ ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ሰው ከሚዝናናበት ቦታ፣ ልጆቹ በፌስታል ይለቅማሉ። የተለቀመው በፈላ ውኃ ይቀቀላል፣ በሳሙና ይታጠባል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የመጀመሪያውን ዙር በደንብ ሳናደርቅ ካርቶን ውስጥ ከተትነውና ሻገተ። ከ300 በላይ እንጨት ጣልን። ከዚያ በኋላ አልተደገመም። ክሊኒክ የሚሠሩ አንዲት ወላጅ ደግሞ በራሳቸው ገንዘብ ሁለት እሽግ ገዝተው አመጡልን፤ ሐኪም «አፍህን ክፈት» ሲል ምላስ የሚጫንበትን ሰፊውን እንጨት። ለመሠረትና ለወለል እንደሱ ያለ የለም። እግዚአብሔር ይስጥልን።

በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የእርሳስ መያዣ፣ የፎቶ ፍሬም፣ ጎጆ ቤትና ትንንሽ ረከቦት ሠራን። ጎጆው ያስቸገረን ክብ በመሆኑ ነው፤ እንጨቱ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው ግን የሚዞር። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። እንጨቱን ግማሽ ሰዓት ያህል መቀቀል፣ ገና ትኩስ እያለ ቀስ ብሎ ማጉበጥ፣ ብርጭቆ ውስጥ አስገብቶ ማሳደር። ጠዋት ሲወጣ እንደጎበጠ ይቀራል። የሚሰበር አይጠፋም፤ ከአራቱ አንዱ ይሰነጠቃል። በዚያው ዘዴ አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ታንኳ ሠርቷል። የጣና ታንኳ ከደንገል ነው የሚሠራው፤ የሱ ግን ከአይስክሬም እንጨት ሆኖ የግቢው በርሜል ውስጥ ተንሳፏል።

ከሁሉም የምኮራበት ግን ጌጡ አይደለም። የ1ኛ ክፍል መምህርታችን የፊደል ገበታው አርጅቶ እንደተቀደደ ሲነግሩን ልጆቹ ፊደሉን እንጨት ላይ ጻፉላቸው። 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው፣ በጠቅላላው 231 እንጨት። «ሀ» ከነቤተሰቧ በአንድ ላስቲክ ትታሰራለች፣ «ለ» በሌላ። ትንንሾቹ ፈትተው ይበትኑና መልሰው ይሰበስባሉ። ለሒሳብ ደግሞ አሥር አሥር እየታሰረ የሚቆጠር 500 እንጨት ሰጠናቸው። መምህርታችን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ተጠቅመውበታል፤ ያላመነ 1ኛ «ለ» ክፍል ገብቶ ማየት ይችላል።

ስብሰባዎቹን አልዘረዝርም። ሐሙስ ሐሙስ ተገናኝተናል። የቀረብን ሐሙስም ብዙ ነው። ከፊሉ ትምህርት በተቋረጠባቸው ሳምንታት ምክንያት ነው። ከፊሉ ደግሞ ክፍሏ ለ8ኛ ክፍል ማጠናከሪያ ስለተፈለገች ነው። የክልላዊ ፈተናን አስፈላጊነት አላጣሁትም። ግን ደጅ ላይ፣ ነፋስ ውስጥ፣ በኮላ መሥራት አይመችም። መብራት በጠፋ ቁጥር የሙቅ ኮላው ማቅለጫ ዝም ይላል። አንድ ተማሪ በከተር ጣቱን ቆርጦ ደንግጠን ነበር፤ ቁስሉ ቀላል ሆኖ ድኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቆርጠው እኔ ብቻ ነኝ።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ።

በታኅሣሥ የድልድይ ውድድር አዘጋጅተን ነበር። ሕጉ ይህ ነው፦ 60 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ ሁለት ዴስኮች ላይ የሚቀመጥ፣ ከ150 እንጨት ያልበለጠ ድልድይ። መሃሉ ላይ ባዶ ጀሪካን በገመድ ይንጠለጠላል። ጀሪካኑ ውስጥ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ይጨመራል፣ ሁሉም ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ለመመዘን ሚዛን አያስፈልግም።

አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ስሟን አልጠራም፤ እሷም እንዲጠራ አትፈልግም። ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። የሠራችው ድልድይ ከሁሉም የሚያምረው ነበር። በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ፣ መደገፊያው ሁሉ እኩል እኩል በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ፣ እንደ መስኮት ፍርግርግ። ገና ሦስት ሊትር ሲገባ ወደ ጎን ዘመም አለ። አራተኛው ላይ ተንኮታኮተ። ልጆች ናቸውና ሳቁ። እሷ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅማ ፌስታል ውስጥ ከተተችና ይዛው ሄደች። በቀጣዩ ሐሙስ አልመጣችም። በሌላውም አልመጣችም።

እኔ በበኩሌ ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ገባኝ። ሥሩ አልኳቸው እንጂ ለምን እንደሚቆምና ለምን እንደሚወድቅ አላስተማርኳቸውም። ስለዚህ እሷ ከተመለሰች በኋላ ሁለት ሐሙስ ሙሉ ምንም አልሠራንም፤ ፈተሽን ብቻ። አራት እንጨት ጫፍና ጫፉን በቀጭን ሽቦ አያይዘን አራት ማዕዘን ሠራን። በጣት ሲገፋ ይንጋደዳል። ሦስት እንጨት አያያዝን፤ ብትገፋው ብትስበው ቅርጹ አይለወጥም። ከዚያ አንዱን እንጨት በጠፍጣፋው አስተኝተን መሃሉን ተጫንነው፤ ጎበጠ። በጠርዙ አቆምነው፤ ንቅንቅ የለም። እንጨቱ 10 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የሒሳብ መምህራችን መጥተው በሰሌዳው ላይ አሰሉልን፤ በጠርዙ የቆመው እንጨት ከተኛው ይልቅ ለመጉበጥ 25 እጥፍ ያስቸግራል። ያው አንድ እንጨት ነው፣ አቀማመጡ ብቻ ነው የተለየው። ሒሳብ ቢያጠኑ አይሻልም ወይ ላሉኝ ወላጅ በአክብሮት የምነግራቸው ይህንን ነው። ያን ቀን ልጆቹ ስሌቱን ደብተራቸው ላይ የገለበጡት ማንም ሳያዛቸው ነው።

በመጋቢት ለጉብኝት ወጣን። መጀመሪያ ያሰብነው ጢስ ዓባይ ነበር። እዚያ ያለው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ ልጆቹ ቅስቱን እንዲያዩ ፈልጌ ነበር። ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ የለም ተባለ። እሺ አልን። በእግራችን ወደ ዓባይ ድልድይ ሄድን። ያቺም ልጅ ለጉብኝቱ እንድትመጣ ቤቷ ድረስ ሄጄ እናቷን ጠየቅኩ። እናቷም «ይዘሻት ሂጂ፣ ቤት ውስጥ እንጨት ስትቆጥር ነው የምትውለው» አሉኝ። ለካ ፌስታሉን አልጣለችውም።

ድልድዩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከባሕር ዳር ወደዚያ ማዶ የማይሻገር የለም። ግን መሻገርና ቆሞ ማየት ይለያያል። አዲሱ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው የተመረቀው፤ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። አሮጌውም አጠገቡ አለ። ልጆቹን በሁለት በሁለት አድርጌ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ በእርሳስ ሣሉ አልኳቸው። ወንዶቹ ጉማሬ ፍለጋ ውኃው ላይ አፍጥጠው ለሥዕሉ ጊዜ አልነበራቸውም። ሙቀቱ ከባድ ነበር። አንድ አዛውንት በብስክሌት ሲያልፉ ቆም ብለው «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን።

እሷ ከሁሉም ራቅ ብላ ተቀምጣ ትሥል ነበር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነስታ መጣችና ከምሰሶው ወደ ግራና ቀኝ ሰያፍ የተወጠሩትን ገመዶች እያሳየችኝ፣ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው ቀጥ ብለው ያልወረዱት?» አለችኝ።

መልሱን ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። «አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

ዝም አለች። ሥዕሉን ዘቅዝቃ አየችው። በጣቷ ምሰሶውን ከላይ እስከ ታች ተከተለች፣ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ ገመዱን ይዛ ወደ ተነሳችበት ተመለሰች። አንድ ጊዜ። ሁለት ጊዜ። «ቲቸር» አለች፣ ድምፅዋ ከፍ ብሎ፣ «ይሄ'ኮ የኛ ሦስት ማዕዘን ነው!»

ሁሉም ዞር አለ። ጉማሬ የሚፈልጉትም ጭምር። ከዚያ በኋላ ማቆሚያ አልነበረም፤ እዚህም ሦስት ማዕዘን፣ እዚያም ሦስት ማዕዘን፣ የመብራቱ ምሰሶ ላይ፣ በብስክሌቱ መሃል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬአለሁ። ልጅ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አይቼ አላውቅም። ስንመለስ መንገድ ላይ ከጎኔ ሆና ስታወራ ነበር። እኔ ስሰማ።

ሁለተኛውን ድልድይ ለመሥራት ሰባት ሳምንት ወሰደባት። ባለ ሁለት ድርብ እንጨት፣ መጋጠሚያው ከመጋጠሚያ እንዳይገጥም ተደርጎ የተደራረበ፣ ሁሉም በጠርዙ የቆመ፣ ጎኑ በሙሉ ሦስት ማዕዘን። በነጭ የአናጺ ኮላ አጣብቃ፣ በልብስ መቆንጠጫ ነክሳ፣ አንድ አንድ ሌሊት እያሳደረች። መቆንጠጫው የእናቷ ነበር። 142 እንጨት ፈጅቷል።

በሰኔው የወላጆች ቀን የነበራችሁ አይታችኋል። ያልነበራችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ልንገራችሁ። አምስት ድልድዮች ቀረቡ። አንዱ 7፣ አንዱ 9፣ ሁለቱ 11 ሊትር ተሸከሙ። የሷ የመጨረሻው ነበር። አራተኛው ሊትር ሲገባ ፊቷን አየሁት፤ አልተነፈሰችም። አለፈ። 12ኛው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ግቢው ሁሉ ጸጥ አለ። አልተሰበረም። 15። 18። መቁጠሩን የጀመሩት ልጆቹ ናቸው፤ 20 ላይ ሲደርስ የሚቆጥሩት ወላጆች ነበሩ። ጀሪካኑ ሞልቶ ፈሰሰ። እናቷ ከኋለኛው ወንበር ተነስተው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

የሚኒ ሚዲያ ልጆች «ይጨመር! ይጨመር!» አሉ። እኔም መጽሐፍ ልደርብበት አነሳሁ። እሷ መጥታ እጄን ያዘችኝ። «ይበቃዋል፣ ቲቸር» አለች። መጽሐፉን አስቀመጥኩት።

ድልድዩ አሁን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ፣ ከዋንጫዎቹ አጠገብ ተቀምጧል። ቦታ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። እዚያ የተቀመጠው ግን ሌላ ቦታ ስለሌለን ጭምር ነው። የኛ ክበብ ቁም ሳጥን የለውም። በክረምት የተማሪ ሥራ በካርቶን ታሽጎ መጋዘን ይገባል። አምና የገባው በመስከረም ሲወጣ አይጥ ገብቶበት ነበር። ዓመቱን በሙሉ ከክበባት በጀት የደረሰን ሁለት ጠርሙስ ኮላና አንድ እሽግ ባለ ቀለም ወረቀት ነው። የቀረውን ልጆቹ፣ ወላጆችና እኔ ሸፍነናል። ለእግር ኳስ ክበብ ኳስና መለያ ሲገዛ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ እነሱም የኛው ልጆች ናቸው። ከዚያ ውስጥ የአንዷ ኳስ ዋጋ ግን ለኛ የዓመት ኮላ ነው።

ስለዚህ ወላጅ ተማሪ መምህር ህብረቱ በነሐሴ ዕቅድ ሲያወጣ ሦስት ነገር እንዲያስብልን እጠይቃለሁ። ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሳጥን፤ አሮጌም ቢሆን እናድሰዋለን። አምስት ሊትር የአናጺ ኮላ። ሐሙስ ከሰዓት ክፍሏ ለኛ ብቻ እንድትሆን። ለጢስ ዓባይ አውቶቡስ የሚያግዝ ወላጅ ከተገኘ ደግሞ የአላታን ድልድይ እናያለን።

የእንጨት ሥራ ቤት ያላችሁ ወላጆች፣ ትርፍራፊ እንጨትና ያለቀ የሚመስላችሁን ብርጭቆ ወረቀት አትጣሉብን። ምዝገባ በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ በስምንት ሰዓት ነው። መግቢያው 20 የታጠበ እንጨት ነው። በደንብ የደረቀ ይሁን።